ጤና ጣቢያው «ኮአርተም አልቋል» ካለ እውነተኛውን ከየት ላግኝ?

ጉማራ_ማዶ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ረዘም ያለ ነገር ልጽፍ ነው፣ ታገሱኝ።

እናቴ የምትኖረው ፎገራ ነው፣ ጉማራ ወንዝ አጠገብ፣ ከሩዝ ማሳው ዳር። ባለፈው ማክሰኞ ብርድ ብርድ አለኝ ብላ ጋቢ በጋቢ ደርባ ተኛች። ማታ ትኩሳት፣ ሌሊት ላብ። ጠዋት ደህና ነኝ ብላ ተነስታ ቡና አፈላች። በማግስቱ መልሶ ጣላት። እኔ ባሕር ዳር ስለሆንኩ ታናሽ ወንድሜ በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰዳት። ጣቷን ወግተው በዚያች ትንሽ የፕላስቲክ መመርመሪያ አዩና ወባ ነው፣ ፋልሲፓረም የሚባለው ከባዱ ዓይነት ነው አሉ። እስከዚህ ጥሩ። ከዚያ «መድኃኒቱ አልቋል፣ ከውጭ ግዙ» ብለው ወረቀት ጽፈው ሸኟቸው። በነጻ የሚሰጠው የወባ መድኃኒት፣ ኮአርተም ማለት ነው።

እኔ እዚህ ፍለጋ ወጣሁ። አንዱ ፋርማሲ የለም አለኝ። ሁለተኛው ከነካርቶኑ አለው፣ ዋጋው ግን ያስደነግጣል። ሦስተኛው በግማሽ ዋጋ እሰጥሃለሁ አለ። አውጥቶ ሲያሳየኝ ካርቶን የለውም፣ ስትሪፑ በመቀስ ተቆራርጧል፣ ማብቂያ ቀኑ የሚጻፍበት ጫፍ ደግሞ የለም። «ቀኑስ?» ስለው «ወንድሜ፣ ሰው ሁሉ እየወሰደው ነው» አለኝ። ሰው ሁሉ እየወሰደው ነው! ይሄ ቀን ሆነ እንግዲህ። ውዱን ገዝቼ በሚኒባስ ሹፌር እጅ ላክሁላት።

አሁን ጥያቄዎቼ። አንደኛ፣ የገዛሁት እውነተኛ መሆኑን በምን ልወቅ? ሁለተኛ፣ ጥቅምት ላይ ወባ እንደሚነሳ ያላስተማሯት እናቴ እንኳ ታውቃለች፣ ጤና ጣቢያው እንዴት በጥቅምት መድኃኒት ያልቅበታል? ሦስተኛ፣ ይሄን መድኃኒት እዚሁ አገር፣ ካልሆነም ጎረቤት አገር መሥራት ያን ያህል ከባድ ነው? የምታውቁ ንገሩኝ፣ የማታውቁም ቢያንስ አጽናኑኝ።


ዓሣ_በሚጥሚጣ፦

እግዚአብሔር ይማርልህ ወንድሜ። እኔ አምና ዘጌ ሄጄ አንድ ሌሊት ካደርኩ በኋላ ነው የያዘኝ፣ አልጋ ላይ ሳምንት ተኛሁ። አክስቴ ፌጦ በነጭ ሽንኩርት ወቅጣ በሎሚ አጠጣችኝ፣ ላቡ ወጣልኝና ተነሳሁ። ለእናትህም ሞክሩት፣ ጉዳት የለውም።


ፋርማሲስቷ፦

ዓሣ፣ ፌጦው ይቅርብህ አልልም፣ ለጉንፋንህ ጠጣው። ፋልሲፓረም ላይ ግን እንዳትመክር፣ በእግዚአብሔር። ላብ የሚወጣህ በፌጦው አይደለም፣ የወባ ጠባዩ ነው፤ ይነሳል፣ ያልብሃል፣ ይተውሃል፣ ተመልሶ ይመጣል። የጉማራ እናት ቡና ያፈላችውን ቀን አስተውል። ሰው «ዳንኩ» ብሎ የሚዘናጋው በዚያች ቀን ነው፣ ፋልሲፓረም ደግሞ በቀናት ውስጥ አንጎል ድረስ ይሄዳል።

ጉማራ፣ ወደ አንተ ልምጣ። ካርቶን ያለውን መግዛትህ ትክክል ነው። ከማንኛውም ነገር በፊት የምታየው፦ በካርቶኑ ላይ ያለው የባች ቁጥር (በአንድ ዙር የተመረተው መለያ) እና ማብቂያ ቀን በስትሪፑ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት። ካርቶኑ አንድ ባች፣ ውስጡ ሌላ ባች ከሆነ አንድ ሰው ነካክቶታል ማለት ነው። የአምራቹ ስምና አገር በግልጽ መጻፍ አለበት። ለአዋቂ ሙሉው መጠን 24 ክኒን ነው፣ ኮአርተም ከሆነ ቢጫ ነው። ሲነካ የሚፈረፈር፣ ነጠብጣብ ያለው፣ ቀለሙ አንዱ ከአንዱ የተለያየ ከሆነ መልሰው። ተቆራርጦ የሚሸጥ ስትሪፕ ደግሞ እውነተኛ ቢሆን እንኳ አትግዛ። ለምን በለኝ። ግማሽ ስትሪፕ የሚሸጥ ሰው ለሌላ ሰው ግማሽ ሸጧል፣ ስለዚህ ሁለት ሰው ሳይድን ቀርቷል።

በዓይን አይቶ መቶ በመቶ መለየት ግን አይቻልም፣ ልዋሽህ አልፈልግም። በደንብ የተሠራ ሐሰተኛ ካርቶን እኔንም ያታልላል። ከዚያ በኋላ ያለው የላብራቶሪ ሥራ ነው። ጥርጣሬ ካለህ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን 8482 ላይ በነጻ መደወል ይቻላል፣ ባች ቁጥሩን ይዘህ ደውል። ያንን በመቀስ የተቆረጠውንም ንገራቸው።

ሌላው ሰው የማያነሳው ነገር፣ መድኃኒቱ እውነተኛ ሆኖም በአያያዝ ይበላሻል። ካርቶኑ ላይ ከ30 ዲግሪ በታች ይቀመጥ ይላል። ሚያዝያ ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ሱቅ ውስጥ ግቡና ንገሩኝ ስንት ዲግሪ እንደሆነ። ሹፌሩ ዳሽቦርድ ላይ አስቀምጦት ከሄደ ደግሞ... በሚቀጥለው ጊዜ መቀመጫ ሥር አድርግልኝ በለው።

አወሳሰዱን ጤና ጣቢያው ነግሯታል ብዬ አስባለሁ፣ ግን ልድገመው። መጀመሪያ 4 ክኒን፣ 8 ሰዓት ቆይታ ሌላ 4፣ ከዚያ ጠዋትና ማታ 4 4 እየተባለ በ3 ቀን 24ቱ ያልቃል። በሁለተኛው ቀን ደህና ነኝ ብላ የተረፈውን «ለሌላ ጊዜ» መሶብ ሥር እንዳታስቀምጥ! በአንድ ሰዓት ውስጥ ካስመለሳት ያንኑ መጠን ትድገመው። ደግሞ በባዶ ሆድ አይሆንም፣ ቅባት ካላገኘ ውስጡ ያለው ሉሜፋንትሪን በደንብ ወደ ደም አይገባም። ወተት ወይም ቅቤ ያለው ነገር ጥሩ ነው።

ቅዠት ቢጤ ካየህባት፣ ካንቀጠቀጣት፣ ምንም ነገር ሆዷ ውስጥ ካልረጋ፣ ሽንቷ ከጠቆረ ክኒን አትጠብቁ። የአርቴሱኔት መርፌ ወደሚሰጥበት በሌሊትም ቢሆን ውሰዷት።


ጉማራ_ማዶ፦

ፋርማሲስቷ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ካርቶኑን ፎቶ አንስቼ ነበር፣ ባቹ አንድ ነው፣ ተመስገን። ችግሩ ሌላ ነው፣ እናቴ የጽጌን ጾም ይዛለች። ወተት በዓይኗ አታይም። «ጾሙ የፈቃድ ነው፣ ታመሻል፣ አባ ይፈቱሻል» ብንላት «ለክኒን ብዬ?» ትላለች።


ፋርማሲስቷ፦

ሃሃ፣ የኔም እናት እንደዚያው ናት። አትከራከሯት፣ ቅባት እንጂ የግድ ወተት አላልኩም። ዘይት ጠብ ያለበት ሽሮ፣ ለውዝ፣ ሱፍ ፍትፍት፣ ኑግ... ጾም ሳይፈርስ ቅባት ሞልቷል። ሱፍ ፍትፍት በልታ ትዋጠው።


ስቶር_ኪፐር፦

ሁለተኛው ጥያቄህ የእኔ ነው። አንድ ወረዳ ውስጥ የመድኃኒት መጋዘን ላይ ስንት ዓመት ሠራሁ፣ «እንዴት በጥቅምት ያልቃል» የሚለውን ስድብ በየዓመቱ ጠጥቼዋለሁ። ሰው ሁሉ ሰረቃችሁት ይላል። የሚሰርቅ የለም አልልም። ግን አብዛኛው ያለቀው በስርቆት ሳይሆን በስሌት ነው።

እንዲህ ነው የሚሠራው። ጤና ጣቢያ በየሁለት ወሩ አርአርኤፍ የሚባል ቅጽ ይሞላል። ስንት ነበረኝ፣ ስንት አወጣሁ፣ ስንት ቀረኝ ይላል። ባለፉት ሁለት ወራት ያወጣኸው በእጥፍ ተባዝቶ የአራት ወር ከፍተኛ ክምችትህ ይሆናል፣ ከዚያ ላይ እጅህ ላይ ያለው ይቀነሳል፣ ቀሪው ከመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ቅርንጫፍ፣ ለእኛ ከባሕር ዳር፣ ይመጣልሃል። ለአሞክሲሲሊን ቆንጆ ስሌት ነው። የሆድ ሕመም፣ ደም ግፊት፣ ዓመቱን ሙሉ አንድ ነው።

ወባ ግን እንደዚያ አይደለችም። ሰኔና ሐምሌ ዝናቡ ያጥባታል፣ ሰው አይታመምም፣ ስለዚህ ያወጣኸው ትንሽ ነው። ነሐሴ ላይ ስትሞላ «ትንሽ ነው የተጠቀምኩት» ብለህ ትጽፋለህ። የሚመጣልህም ትንሽ ነው። መስከረም ዝናቡ ሲያባራ የቆመው ውሃ ሁሉ ትንኝ ይፈለፍላል፣ በጥቅምት ወረፋው እስከ አጥር ድረስ ይሆናል፣ አንተ ያለህ የሐምሌ መድኃኒት ነው። በዚህ ላይ ፎገራ ሩዝ ነው፣ ማሳው ራሱ ኩሬ ነው። ደንቢያና ሌላውም ቦታ ደግሞ ሰሊጥ አጨዳ መተማና ሁመራ የሄደው ሰው በዚያው ሰሞን ይመለሳል፣ በደሙ ይዞ።

ከዚህ የባሰ አለ። መድኃኒቱ ካለቀ በኋላ ያሉት ቀናት «ያወጣሁት ዜሮ» ሆነው ይመዘገባሉ። ያለቀበት ቀን ተቆጥሮ ካልተስተካከለ በስተቀር ቅጹ «እዚህ ወባ ጠፍቷል» ነው የሚለው። ስለዚህ ያለቀበት ጤና ጣቢያ በሚቀጥለው ዙር ከዚያም ያነሰ ያገኛል። የቀመሰው ያውቀዋል። ባለሙያ ካለ «ይሄ የጥቅምት ወረዳ ነው» ብሎ በእጁ ጨምሮ ይጽፋል፣ አዲስ የተመደበ ልጅ ከሆነ ደግሞ ቀመሩን ተከትሎ ይሞላል፣ ማን ይወቅሰዋል።

ከዚህ በላይ መንገድ ሲዘጋ፣ መኪና ሲታጣ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ የሚሆነውን እናንተው ታውቃላችሁ፣ አልዘረዝርም። አስቸኳይ ጥያቄ የሚባል አለ፣ ከሁለት ሳምንት በታች ሲቀርህ ዙሩን ሳትጠብቅ የምትጠይቅበት። እሱም መኪና ይፈልጋል።


ሽምብጥ_ሰፈር፦

ስቶር፣ ጥሩ አብራርተሃል ግን ምክንያት ነው የምትደረድርልን። የ1951ን ወረርሽኝ የማያውቅ አለ? በጥቂት ወራት 3 ሚሊዮን ሰው ታሞ ወደ 150 ሺህ ሰው ሞተ ተብሎ ተጽፏል፣ አብዛኛው እንደኛ ባሉ ደጋም ቆላም ባልሆኑ ቦታዎች። ያም በዚሁ ሰሞን ነው፣ ክረምቱ ካለፈ በኋላ። ከ60 ዓመት በላይ እኮ ነው! ትንኟ ቀጠሮ አታዛባም፣ እኛ ነን በየዓመቱ «ድንገት መጣብን» የምንለው። በፈረንጆቹ 2024 ከጥር እስከ ጥቅምት አጋማሽ አካባቢ ብቻ 7.3 ሚሊዮን ሰው ታሞ 1,157 ሰው መሞቱን የዓለም ጤና ድርጅት ተናግሯል። ይሄ በቅጽ ይሳበባል?


ስቶር_ኪፐር፦

ምክንያትና ሰበብ ይለያያል ወንድሜ። ሰበብ ቢሆን ኖሮ «እኛ ምን እናድርግ» እል ነበር። እኔ የምልህ ስሌቱ በሁለት ወር ሳይሆን በአምናው ጥቅምት ይሁን፣ መድኃኒቱም መንገድ ሳይበላሽ ነሐሴ ላይ ይግባ ነው። ይሄ ብር እንኳ አይጠይቅም። ክርክርህን ከትንኟ ጋር ጨርስ።


ማይክሮስኮፕ፦

ላብራቶሪ ነኝ። ሁለት ነገር ልጨምር፣ ሰው ስለ መድኃኒት ብቻ ያወራል እንጂ ስለ መመርመሪያው ማንም አያነሳም፣ እሱም እኮ ጥራት አለው።

ያቺ ጣት ተወግቶ ደም የሚንጠባጠብባት ፕላስቲክ፣ ብዙዎቹ የፋልሲፓረምን አንድ ፕሮቲን ነው የሚፈልጉት፣ ኤችአርፒ2 የሚባል። ያ ፕሮቲን ካለ መስመር ታወጣለች። አሁን ጥገኛዋ፣ ወባን የምታመጣው ተውሳክ፣ ተሸሸገችብን። ኢትዮጵያ ውስጥ ያንን ፕሮቲን የሚያሠራውን ጂን (ዘረ መል) ያጣች ፋልሲፓረም አለች። ከሱዳን፣ ከኤርትራና ከደቡብ ሱዳን ጋር በምንዋሰንባቸው አካባቢዎች፣ የእኛን ክልል ጨምሮ፣ በተደረገ ትልቅ ጥናት እንደዚህ ዓይነት መመርመሪያ ከፋልሲፓረም ሕመምተኞች 9.7 በመቶ ያህሉን ሊስት እንደሚችል ተገምቷል። ከአሥር አንድ ሰው በሉት። ያ ሰው «ወባ የለብህም» ተብሎ የታይፎይድ መድኃኒት ይዞ ቤቱ ይሄዳል። ስለዚህ መስመር ባታወጣም ትኩሳቱ ከቀጠለ በማይክሮስኮፕ ይታይልኝ በሉ፣ ማፈር የለም። ሌላ ፕሮቲን የሚፈልጉ መመርመሪያዎች አሉ፣ ለእኛ የሚሆኑት እነሱ ናቸው። ለሌላ አገር ርካሽ ሆኖ የተገዛው ሁሉ ለእኛ ይሆናል ማለት አይደለም።

ሁለተኛ፣ መድኃኒቱም ላይ ጥገኛዋ እየለመደች ነው። አር622አይ የሚባል የጂን ለውጥ ቀድሞ የታየው በዚሁ በሰሜን ምዕራብ በኩል ነው፤ ኮአርተም ውስጥ ያለው የአርቴሚሲኒን ዘር ጥገኛዋን ቀስ ብሎ እንዲገድል ያደርጋል። ኮአርተም አሁንም ይሠራል፣ አብሮት ያለው ሉሜፋንትሪን ይዞታል፣ አትደንግጡ። ግን ግማሽ ስትሪፕ የሚሸጠው ሰውዬ፣ መጠኑ ያልሞላ የሐሰት ክኒን የሚያስገባው ሰውዬ፣ ይሄንን ለውጥ እያረባ ነው። ትልልቆቻችን የድሮውን የወባ ክኒን፣ ፋንሲዳርን ያስታውሳሉ። ሰው አንድ ጊዜ ውጦ ይነሳ ነበር፣ ከዚያ አልሠራ አለ፣ በፈረንጆቹ 2004 ኮአርተም ተተካ። ኮአርተም ቢያልፍ ቀጥሎ ምን እንደምናመጣ አስቡት።

ደግሞ ቫይቫክስ፣ ሌላው የወባ ዓይነት፣ ለሆነባችሁ፦ ክሎሮኪኑን ጨርሳችሁ የ14 ቀኑን ፕሪማኪን ሳትጨርሱ ትጥሉታላችሁ። ጥገኛዋ ጉበት ውስጥ ተኝታለች፣ ከወራት በኋላ ሳትነደፉም ትነሳለች። «ወባዬ ተነሳብኝ» የምትሉት እሱን ነው። ፕሪማኪን ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፣ ሐኪም ሳያይ አትውሰዱ።


የወረታ_ሩዝ፦

ሦስተኛውን ጥያቄ የመለሰ የለም እኮ። እኔም የምፈልገው እሱን ነበር። ክኒን ነው፣ ሮኬት አይደለም። ቂሊንጦ የመድኃኒት ኢንዱስትሪ ፓርክ ተብሎ ተሠርቷል። ለምን ከቻይናና ከሕንድ እንጠብቃለን?


ፋርማሲስቷ፦

እኔ ልሞክር። ክኒኑን መጠፍጠፍ ቀላል ነው፣ ልክ ነህ። አርቴሚሲኒን የሚወጣው ከአንድ ተክል ነው፣ ቻይናዎች በፈረንጆቹ 1970ዎቹ ያወጡት፣ ሳይንቲስቷ ቱ ዮዮ በፈረንጆቹ 2015 ኖቤል የተሸለመችበት። ተክሉ ጓሮ ውስጥም ይበቅላል። (ዓሣ፣ ሻይ አፍልተህ ጠጣ አላልኩም! መጠኑ አይታወቅም፣ የዓለም ጤና ድርጅትም አይመክረውም።)

ከባዱ ነገር ማረጋገጫው ነው። ለእኛ የሚመጣውን ብዙውን የወባ መድኃኒት የሚገዛው እንደ ግሎባል ፈንድ ያለ ዓለም አቀፍ የእርዳታ ድርጅት ነው፣ እሱ ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ቅድመ ብቃት የሰጠውን ወይም በዚያ ልክ የተፈተሸውን እንጂ ሌላ አይገዛም። ፋብሪካህ ተፈትሾ፣ ክኒኑ በደም ውስጥ ከዋናው እኩል መግባቱ ተጠንቶ፣ ሰነዱ ተገላብጦ ነው የሚያልፈው። ዓመታት ይፈጃል፣ ብዙ ገንዘብም። ከዚያ በኋላ ደግሞ በብዛት ከሚያመርተው ከሕንዱ ፋብሪካ ጋር በዋጋ ትወዳደራለህ። የሚገዛህ ሰው እንዳለ ሳታውቅ ማን ይገባበታል?

የሚቻል መሆኑ ግን ታይቷል። አሩሻ፣ ታንዛኒያ ያለው ኤ ቱ ዜድ ፋብሪካ ከ20 ዓመት በላይ ኬሚካል የተነከረ አጎበር እያመረተ ለአፍሪካ ይሸጣል። ናይሮቢ አጠገብ ያለ አንድ ፋብሪካ፣ ዩኒቨርሳል ኮርፖሬሽን፣ በ2022 ለነፍሰ ጡሮች መከላከያ የሚሰጠውን የወባ ክኒን ቅድመ ብቃት አገኘ፣ ለዚህ ክኒን ከአፍሪካ የመጀመሪያው ነው። ያ ክኒን በነገራችን ላይ የድሮው ፋንሲዳር ቅመም ነው፣ እኛ አገር ለዚያ አንጠቀምበትም። ግን ናይሮቢ ከቻለች መንገዱ ተከፍቷል ማለት ነው።


ሽምብጥ_ሰፈር፦

ደግሞ የአፍሪካ መድኃኒት ኤጀንሲ የሚባል አለ አይደል? ኪጋሊ። ስምምነቱ በ2021 ጸንቷል። የአፍሪካ ሲዲሲ፣ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከሉ፣ ደግሞ እዚሁ አዲስ አበባ ነው፣ አገሮች በጋራ እንግዛ የሚል ዕቅድ አውጥቷል። ስብሰባ ነው ብዬ ነበር የማልፈው፣ አሁን ፋርማሲስቷ ስትናገር ነው የገባኝ። አንዱ ቦታ የተፈተሸ መድኃኒት ሌላው አገር እንደገና ከሥር ጀምሮ ካልተፈተሸ፣ ደግሞ ኢትዮጵያ፣ ኬንያ፣ ሱዳን፣ ደቡብ ሱዳን አንድ ላይ መድኃኒት ቢያዝዙ፣ ናይሮቢ ወይም ቂሊንጦ ያለው ፋብሪካ የሚገዛው አለ ማለት ነው። በዓለም ላይ በወባ ከሚታመመው ሰው 94 በመቶው አፍሪካዊ ሆኖ መድኃኒቱ ከሌላ አህጉር ሲመጣ እኮ የሚያሳፍር ነው። በ2025 መጀመሪያ ላይ የአሜሪካ እርዳታ ድንገት ሲቋረጥ ያየነው ይበቃናል፣ አጎበሩም መመርመሪያውም ርጭቱም በምን ላይ ተንጠልጥሎ እንደነበር።


ስቶር_ኪፐር፦

አሁን ተስማማን። ቂሊንጦ ቢሠራ እንኳ ግን ጤና ጣቢያው ነሐሴ ላይ የሐምሌን ቁጥር ከጻፈ እናቱ ጥቅምት ላይ ባዶ እጇን ትመለሳለች። ፋብሪካው ሩቅ ነው፣ ቅጹ ቅርብ ነው። ቅርቡን እንያዝ።


ኤክስቴንሽኗ፦

ይቅርታ ዘግይቼ ገባሁ፣ ቀበሌ ውዬ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ፣ ጣና ዳር ነው የምሠራው። ሁላችሁም ከታመመ በኋላ ስላለው ነው የምታወሩት።

አጎበር አለ፣ ሰው ጋ ደርሷል። የት እንዳለ ልንገራችሁ። አንዱ ቤት ዓሣ ማስገሪያ ሆኗል፣ አንዱ ቤት የጫት ችግኝ ለብሶታል፣ አንዱ ቤት ጥጃ ታስሮበታል፣ ተጠምዝዞ ገመድ ሆኖ። እቆጣለሁ፣ ይስቁብኛል። ግን እውነቱን ለመናገር አንዳንዱ ልክ ነው። አሮጌው አጎበር ላይ ያለው ኬሚካል ትንኟ ለምዳዋለች፣ «ይሄ ምን ይሠራል» ቢሉኝ ምን ልመልስ። አሁን ሁለት ዓይነት ኬሚካል ያለው አዲስ አጎበር አለ፣ የለመደችውንም ትንኝ ይገድላል። እሱ በደረሰበት ቤት ሰው ጠዋት ወለሉ ላይ የሞተ ትንኝ ያያል። የሞተ ካየ በቃ፣ ማስተማር አያስፈልግም፣ ራሱ ይሰቅለዋል። ጥራት ማለት ለእኔ ይሄ ነው።

ርጭቱም እንደዚሁ። ረጭተን ስንወጣ ለመስቀል ተብሎ ግድግዳው በእበት ይለሰናል። ኬሚካሉ ከልስኑ ሥር ቀረ! ቀድሞ ይለሰን፣ ከዚያ ይረጭ ብለን ቀን ስንለምን ነው የምንከርመው።

ከተማ ያላችሁ ደግሞ እኛን አይነካንም እንዳትሉ። ስቴፈንሲ የሚባለው አዲስ ትንኝ በ2016 በፈረንጆች ቀብሪ ደሃር ተገኘ፣ በ2022 ድሬዳዋ ላይ ወረርሽኝ አስነስቷል። የሚራባው ረግረግ ውስጥ ሳይሆን በርሜልና ሮቶ ውስጥ ነው። ሮቷችሁን ክደኑት።

ጉማራ፣ የእናትህ አጎበር የት ነው?


ጉማራ_ማዶ፦

ኤክስቴንሽኗ ጥያቄሽ ልቤን አገኘው። ቅዳሜ ሄድኩ። እናቴ 24ቱንም ጨርሳለች፣ ሱፍ ፍትፍቷን እየበላች፣ ትኩሳቱ ከሐሙስ ጀምሮ የለም፣ ፊቷ ግን ቢጫ ነው፣ ደም አንሷታል መሰለኝ። አጎበርሽ የት ነው ስላት ዝም አለች። ወንድሜ ሳጥን ከፈተ። አዲስ አጎበር፣ ከነላስቲኩ፣ በነጠላ ተጠቅልሎ። «ለእንግዳ ነው» አለች። ለእንግዳ! ሚስማር ፈልጌ ሰቀልኩት፣ እሷ እያጉረመረመች።

ጤና ጣቢያውም ገባሁ፣ ለጠብ አይደለም። መጋዘን ያለውን ልጅ የስቶርን ጽሑፍ አስነበብኩት። ሳቀና መዝገቡን አወጣ። የሐምሌ ቁጥር ነው፣ ልክ እንዳልከው። መስከረም 27 ያለቀ ሲሆን ከዚያ በኋላ ያለው ዜሮ ነው፣ ዜሮ፣ ዜሮ። አስቸኳይ ጥያቄ መሙላቱንና መኪና እየጠበቀ መሆኑን ነገረኝ። ያለቀበትን ቀን ቆጥሮ ሊጽፍም ተስማምተናል፣ «ማን ይፈርምልኛል» ብሎ ትንሽ ቢያቅማማም።

ማይክሮስኮፕ፣ አንዲት የመጨረሻ ጥያቄ። እሑድ ድጋሚ በዚያች ፕላስቲክ ላስመርምራት? መዳኗን ለማረጋገጥ።


ማይክሮስኮፕ፦

በዚያች አታስመርምራት። ፕሮቲኑ ጥገኛዋ ከሞተች በኋላም ለሳምንታት ደም ውስጥ ይቆያል፣ መስመር ታወጣና በከንቱ ትደነግጣላችሁ፣ ሌላ 24 ክኒን ፍለጋ ትወጣለህ። ትኩሳቱ ከተመለሰ ብቻ በማይክሮስኮፕ ትታይ። ስለ ደም ማነሷ ግን ሰኞ ውሰዳት፣ እሱ በጣም ቀላል ምርመራ ነው።


ጉማራ_ማዶ፦

እሺ፣ ሰኞ።